ለማጥመጃ ዝንብ የሚሆን ጠጉር አመራረጥ፦ ከፍየል ቆዳ እስከ ሹሩባ ጸጉር

በመንጠቆ ላይ ጠጉር፣ ላባና ክር አስሮ ነፍሳትን ወይም ትንንሽ ዓሦችን የሚመስል፣ «ዝንብ» የሚባል የዓሣ ማጥመጃ ማታለያ መሥራት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ረጅም ዕድሜ ያለው ሙያ ነው፤ በጣና ዳርና በዓባይ መውጫ ግን ገና ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሞክሩት ነገር ነው። ሙያውን ልማር ብሎ የሚነሣ የባሕር ዳር ወይም የደብረ ማርቆስ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው እንቅፋት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የውጭው መመሪያ «የአጋዘን ጅራት ይውሰዱ» ይለዋል። መመሪያው የሚለው አጋዘን ደግሞ የሰሜን አሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት እንስሳ ነው እንጂ እኛ አጋዘን የምንለው ባለ ጠምዛዛ ቀንዱ አይደለም። ብዙዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ሥራውን ይተዉታል፤ ሌሎች ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እስኪያገኙ ወራት ይጠብቃሉ። ሁለቱም አያስፈልጉም። የጠጉሩን ስም ትተን ጠጉሩ የሚሠራውን ሥራ ከጠየቅን፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ነገር በቅዳሜ ገበያ፣ በፍየል ተራ፣ በጸጉር ቤትና በብራና ፋቂ ደጃፍ እናገኛለን።

በመጀመሪያ የጠጉሩን ሥራ መወሰን

ማንኛውንም ጠጉር ከመግዛት ወይም ከመለመን በፊት፣ የሚሠራው ዝንብ በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ነው ወይስ ከውኃው በታች የሚዋኝ የሚለውን መወሰን ያስፈልጋል፤ የአንዱ እንስሳ ጠጉር እንኳ ከገላ ወደ ጅራት ሲሄድ ጠባዩ ይለወጣልና። የዚያ የባሕር ማዶ አጋዘን የገላው ጠጉር ውስጡ በአየር በተሞሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ስለሆነ፣ ክር ሲጠብቅበት እንደ ጃንጥላ ይበተናል፤ አየሩም ያንሳፍፈዋል። የጅራቱ ጠጉር ግን በአብዛኛው ድፍን ስለሆነ ሲታሰር ብዙም አይበተንም፤ ረጅምና ጫፉ ላይ የሚቀጥን በመሆኑ የትንሽ ዓሣ ገላ አድርጎ ለመዘርጋት የተመቸ ነው። በ1930ዎቹ ዶን ጋፔን በካናዳ በኒፒጎን ወንዝ የሠራው «ማድለር ሚኖ» የተባለ ዝንብ ጭንቅላቱ የሚሠራው ከገላው ጠጉር ነው፤ በ1980ዎቹ ቦብ ክላውዘር በፔንስልቬንያ ያወጣው «ክላውዘር ሚኖ» ደግሞ ሙሉ በሙሉ በጅራቱ ጠጉር ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ «የአጋዘን ጠጉር ምትክ» የሚባል አንድ ነገር የለም፤ የገላው ምትክ ሌላ፣ የጅራቱ ምትክ ሌላ ነው።

ታንኳ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ደንገል የሚንሳፈፈው በግንዱ ውስጥ ባለው አየር ነው፤ ታንኳው ለቀናት ከውኃ ውስጥ ሲቆይ ግን ውኃው አየሩን እየተካ ስለሚያከብደው፣ ባለቤቱ ወደ ዳር ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ውስጡ ባዶ የሆነ ጠጉርም እንዲሁ ነው፤ ለጊዜው ይንሳፈፋል፣ ሲርስ ይከብዳል፣ መድረቅም ይፈልጋል።

ከውኃ በታች ለሚዋኝ ዝንብ ጠጉሩ ሁለት ነገር እንዲያደርግ ይጠበቃል። አንደኛው፣ ገመዱ ሲሳብና ሲለቀቅ ገላው እየጠበበና እየሰፋ ሕይወት ያለው መስሎ እንዲታይ መወዛወዝ ነው። ሁለተኛው፣ ርሶም ቢሆን ቅርጹን መያዝ ነው፤ ፈጽሞ የለሰለሰ ጠጉር ከውኃ ሲወጣ እንደ ክር ስለሚጣበቅ፣ ሲወረወርም በመንጠቆው ቅስት ላይ ስለሚጠመጠም ዝንቡ ዝንብነቱ ይቀራል። እነዚህ ሁለቱ ይቃረናሉ፤ ለመወዛወዝ ልስላሴ፣ ቅርጽ ለመያዝ ጥንካሬ ያስፈልጋልና። የጠጉር ምርጫ ማለት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተገቢውን ቦታ መፈለግ ነው። በጣና ላይ ይህ ከመንሳፈፍ ይልቅ ትልቅ ቦታ አለው፤ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም ከምንጠራቸው ከ15 በላይ ዝርያዎች ውስጥ 8 ያህሉ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸውና፣ እዚህ የሚያስፈልገን በአብዛኛው ትንሽ ዓሣ የሚመስል ዝንብ ነው።

ሦስት ፈተናዎች

ያገኙትን ጠጉር ወይም ክር ስሙን ሳይጠይቁ በቤትዎ ይፈትኑት። የመጀመሪያው ፈተና የውኃ ነው። የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ጠጉር በክር ያስሩና ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ያስገቡት፤ ከውኃው በታች ይዘውም አየሩ በአረፋ እስኪወጣ ድረስ በጣትዎ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት፣ ከዚያም ይልቀቁት። ሳይጨመቅ መንሳፈፉ ምንም አይነግረንም፤ ደረቅ ነገር ሁሉ በመካከሉ በያዘው አየር ለጥቂት ጊዜ ይንሳፈፋል። ከተጨመቀ በኋላ ግን እያንዳንዱ ነገር የራሱን ክብደት ይከተላል። ውኃ በኩብ ሴንቲ ሜትር 1 ግራም ሲመዝን፣ ድፍን የእንስሳት ጠጉር ወደ 1.3፣ ፖሊስተር ወደ 1.38፣ ናይለን ወደ 1.14 ግራም ይመዝናሉ፤ ሁሉም ይሰምጣሉ። ፖሊፕሮፒሊን ግን 0.91 አካባቢ ስለሆነ፣ ውኃም ስለማይጠጣ፣ ቢጨመቅም ተመልሶ ይወጣል። ይህን አንድ ቁጥር ማወቅ ለተንሳፋፊ ዝንብ የሚደረገውን ፍለጋ በግማሽ ያሳጥራል።

ሁለተኛው የጣት ፈተና ነው። እርጥቡን ጠጉር ከሥሩ ይዘው አግድም ያድርጉት። ጫፉ ብቻ ትንሽ ወደ ታች የሚያዘነብል ከሆነ ለገላ ይሆናል፤ ከግማሹ ጀምሮ የሚወድቅ ከሆነ ለስላሳ ነውና አጭር ተደርጎ ለጅራት ብቻ ይዋል፤ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ የሚቀር ከሆነ ደግሞ በውኃ ውስጥ አይወዛወዝም።

ሦስተኛው የእሳት ፈተና ነው፤ ሻጩ «ተፈጥሮ ነው» የሚለው ነገር እውነት መሆኑን የሚለየው እርሱ ነው። ከቤት ውጭ፣ ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ፣ ጥቂት ጭረት በወረንጦ ይዘው ክብሪት ያስነኩት። የእንስሳት ጠጉር የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ያወጣል፤ የሚተወውም በጣት ሲነካ የሚፈርስ ጥቁር አመድ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ቀላል ግራጫ አመድም ይተዋል። ናይለን፣ ፖሊስተርና ፖሊፕሮፒሊን ግን ይቀልጡና ሲቀዘቅዙ ጠጠር ይሆናሉ። ቅላጩ ጣት ላይ ከወደቀ ክፉኛ ያቃጥላልና በጣት አይያዝ።

ከእንስሳት የሚገኘው

ለአጋዘን ጅራት የመጀመሪያው ምትክ በእኔ ግምት የደጋ ፍየል ጠጉር ነው። ድፍን ነው፣ ጫፉ ይቀጥናል፣ ሲታሰር አይበተንም፤ እርጥቡም ቅርጹን ይዞ ይወዛወዛል። ነገር ግን ከየትኛውም የፍየል ክፍል አይወሰድም። የጎኑ ጠጉር አጭር ነው፤ የሚፈለገው ከጀርባው አከርካሪ ላይ የሚበቅለው ረጅሙና ከወጠጤ ጢም የሚገኘው ነው። በጣትዎ ገለጥ ሲያደርጉት ከረጅሙ ጠጉር ሥር እንደ ጥጥ የለሰለሰ አጭር ጠጉር ያያሉ፤ ይህ ሥራ ላይ ሲገባ ክሩን ስለሚያወፍርና ውኃ ስለሚይዝ በጥቅጥቅ ሚዶ ተበጥሮ መውጣት አለበት። ሚዶውን ከሥር ወደ ጫፍ ሳይሆን ከመካከል ወደ ሥር መሳብ ረጅሙን ጠጉር ሳይነቅል አጭሩን ያወጣል።

የፍየል ጠጉር ለማግኘት ፍየል መግዛት አያስፈልግም። ብራና የሚፋቅባቸው የጎጃም ደብሮች ገና አሉ፤ ብራና ደግሞ በአብዛኛው ከፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው በእንጨት ላይ ተወጥሮ ከደረቀ በኋላ ጠጉሩ በስለት ተልጎ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ሰው ዘንድ ቆሜ ስመለከት፣ ስለቱ ከአንገት ወደ ጭራ በወረደ ቁጥር ጠጉሩ ጫፉ ሳይሰበር፣ ሥሩ በአንድ ልክ ተቆርጦ፣ እንደ ታጨደ ጤፍ ባንድ ወገን ይተኛ ነበር። «መሪጌታ፣ ይህን ይጥሉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጠጉሩን? ምን ሊሆንህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ዓሣ ላጠምድበት እንደሆነ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና፣ ጥቁሩንና ነጩን ለይተው በወረቀት ጠቀለሉልኝ። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ጠጉር አላገኘሁም፤ ገበያ ላይ የሚገኘው ቆዳ ጠጉሩ በደምና በጨው የተያያዘ ስለሚሆን ለማጽዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መነገር አለበት። ታሞ ከሞተ ወይም ሞቶ ከተገኘ እንስሳ ጠጉርም ሆነ ቆዳ አይወሰድ። አባ ሰንጋ የተባለው በሽታ በቆዳና በጠጉር ላይ ለረጅም ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ በሰውም ቁስል ይገባል፣ ጠጉር ሲበጠርም በትንፋሽ ይገባል። ጠጉሩን ማጠብ ከዚህ በሽታ አያድንም። የሚወሰደው ጤነኛ ሆኖ ከታረደ እንስሳ ብቻ፣ ከየት እንደመጣ ከሚታወቅ ቤት ነው።

የዱር እንስሳትን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። የጉሬዛ ረጅም ነጭ ጠጉርና የጭላዳ ጋማ ለዝንብ አሳሪ ዓይን የሚማርኩ ናቸው፤ ነገር ግን የዱር እንስሳትን ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። በአሮጌ ቤት ተሰቅሎ የቆየ የጉሬዛ ቆዳ ቢሰጥዎ እንኳ አይቀበሉ። ፍየል ባለበት አገር ለዚህ የሚያበቃ ምክንያት የለም።

የጥጃ ጭራ ሌላው መልካም ምትክ ነው። ጠጉሩ የተጨማደደ ስለሆነ ጥቂቱ ብዙ መስሎ ይታያል፤ በዚህ ምክንያት በተለይ አጭር ክንፍ ላላቸው ዝንቦች ይመቻል። ለረጅም ገላ ግን አይሆንም፤ ጭረቶቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ጫፋቸውን ማስተካከልም ያስቸግራል።

የፈረስ ጭራ በአዊ እጅግ ይገኛል፤ የመሲንቆ አውታርም የዝንብ መከላከያ ጭራም ከእርሱ ይሠራል። ብዙ ጀማሪዎች ርዝመቱንና ጽዳቱን አይተው ገላ ሊያደርጉት ይሞክራሉ፤ ይሁንና ወፍራም፣ ልሙጥና ጠጣር ስለሆነ ከክሩ ሥር ይንሸራተታል፣ በውኃ ውስጥም ቀጥ ብሎ ይቀራል። ቦታው ሌላ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጭረት እንደ ነፍሳት እግር ወይም እንደ አንቴና ሆኖ ይታሰራል፤ አንድ ጭረት ደግሞ በገላው ላይ እየተጠመጠመ ሲወጣ የትል ቀለበት ያስመስላል። ከመጠምጠሙ በፊት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢዘፈዘፍ አይሰበርም።

በግ በጎጃም ብዙ ነው፤ ስመ ጥሩው የዋሸራ በግ ግን ጠጉረ አጭር ስለሆነ ለዚህ ሥራ ብዙም አይሰጥም። ከከፍተኛው ደጋ የሚመጣ፣ ባና የሚሠራበት ዓይነት ሱፍ ካገኙ ግን ለዝንቡ ራስ ይጠቀሙበት። በማድለር ላይ የአጋዘን ገላ ጠጉር የሚይዘውን ቅርጽ ሱፍ በመቀስ ተከርክሞ ይይዛል፤ ልዩነቱ ውኃ ጠጥቶ መስመጡ ነው። ከታች ለሚዋኝ ዝንብ ይህ ጉድለት አይደለም።

የሰው ጸጉርም በጽሑፍ ሲመከር አይቻለሁ። በአገራችን ሰው የተቆረጠ ጸጉሩን በማንም እጅ እንዲገባ አይወድም፤ ይህን ማክበር ይገባል። ደግሞም በጣም ለስላሳና ልሙጥ በመሆኑ ከሹሩባው ዊግ የሚበልጥበት ነገር የለም።

ማጽዳትና ማቅለም

የእንስሳት ጠጉር ትልቁ ጥቅሙ በቤት ውስጥ መቅለም መቻሉ ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ጊዜ ይጠቡት፤ ቅባት ከቀረ ቀለሙ እየዘለለ ይይዛል። በእንዶድ ማጠብ የለመደ ሰው እጣቢውን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ እንዳይደፋ እለምናለሁ፤ እንዶድ እንደ ብርብራ ዘር ዓሣ የሚገድል ነውና።

ከዚያም በአሮጌ ብረት ድስት፣ ከዚያ ወዲያ ለምግብ በማይውል፣ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ያሙቁና የቀለሙን ዱቄት ይበጥብጡ። አለላ የሚያቀልሙ ሴቶች የሚገዙት የገበያ ዱቄት ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሁሉም ግን ጠጉር ላይ እኩል ስለማይይዝ በቁንጥር ጠጉር አስቀድሞ መሞከር ነው። እጁ ላይ ምንም የሌለው ሰው በሻይ ቅጠል ቡናማ፣ በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ወርቅማ፣ በእርድ ደማቅ ቢጫ ማውጣት ይችላል፤ የእርዱ ግን በፀሐይ ቶሎ ይለቃል። ጠጉሩ በደንብ ርሶ ይግባ፤ ደረቁ ሲገባ ጫፉና ሥሩ የተለያየ ቀለም ይይዛል። ቀለሙ ሲታይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይጨምሩ፤ ቀለሙን ከጠጉሩ ጋር የሚያያይዘው የአቼቶው ኮምጣጤነት ነው። ውኃው እጅ የማያስገባ ያህል ይሙቅ እንጂ አይፍላ፤ የፈላ ውኃ ጠጉሩን ያደርቀዋል፣ ከቆዳው ጋር ያለ ከሆነም ቆዳው ተኮማትሮ እንደ እንጨት ይሆናል። እርጥቡ ቀለም ከደረቁ ስለሚጠቁር፣ ከሚፈልጉት ትንሽ ጠቆር ሲል አውጥተው ውኃው ጥርት እስኪል ያለቅልቁትና ጥላ ላይ ያድርቁት።

የመጀመሪያውን የቀለምኩትን ጠጉር በሚገባ ሳላደርቅ በፌስታል አስሬ አስቀምጬው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፈታው ሻግቶ፣ ቆዳው እየተላጠ ጠጉሩን ይለቅ ነበር፤ የሦስት ቀን ድካሜ ሜዳ ቀረ። አሁን የደረቀ መስሎኝም ሁለት ቀን እጨምርበታለሁ።

ሰው ሠራሹ

ሹሩባ የሚሠራበት ዊግ በየጸጉር ቤቱ አለ፤ ብዙው ካኔካሎን በተባለው፣ በጃፓን በተጀመረው ሞዳክሪሊክ ክር ወይም በእርሱ አምሳያ የተሠራ ነው። ርዝመቱ እንደልብ ነው፣ ቀለሙ ብዙ ነው፣ ውኃ አይዝም፣ ስለዚህም አንድ ጊዜ ተወርውሮ ሲነሣ ውኃው ረግፎ ቀላል ይሆናል። ጥቅሙ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ሁለት ጉድለት አለው። ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ስላለው፣ ዝም ብሎ ተቆርጦ ቢታሰር እንደ መጥረጊያ ጫፉ ይደፈናል እንጂ የዓሣ ጅራት አይመስልም። ደግሞም ከፍየል ጠጉር ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ በመንጠቆው ላይ ይጠመጠማል። እኔ በመጀመሪያ ያሰርኳቸው ከእርሱ ብቻ ነበሩ፤ በሳፋ ውኃ ውስጥ ስጎትታቸው ያማሩ፣ ዓባይ ላይ ስወረውራቸው ግን ከሦስት አንዱ ተጠምጥሞ የሚመለስ ሆኑ። መፍትሔው መቀላቀል ነው። የፍየሉ ጠጉር ከሥር ሆኖ ይደግፋል፣ ዊጉ ከላይ ሆኖ ርዝመትና ቀለም ይሰጣል። መጠኑም ከፍየሉ ግማሽ አይለፍ። ጫፉን ለማቅጠን መቀሱን አግድም ሳይሆን ከጭረቱ ጋር ትይዩ ይያዙና ጥቂት ጥቂት እየነኩ በተለያየ ርዝመት ይቁረጡ።

ለተንሳፋፊ ዝንብ የሚሆነው ፖሊፕሮፒሊን እህል ከሚጫንበት ማዳበሪያ ይገኛል። ከአሮጌ ማዳበሪያ ዳር አንድ ድር ይምዘዙና በመርፌ ጫፍ በርዝመቱ ደጋግመው ይሰንጥቁት፤ ከጠፍጣፋ ድር ወደ ቀጫጭን ጭረት ይለወጣል። ፀሐይ ያረጀው ማዳበሪያ ሲነካ ዱቄት ስለሚሆን አዲሱን ይምረጡ። ይህ የአጋዘንን ገላ ጠጉር ያህል በክር አይበተንም፤ ነገር ግን ለክንፍ ከበቂ በላይ ነው። የተንሳፋፊ ራስ የሚፈለግ ከሆነ ከአሮጌ የነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ፎም ከማንኛውም ጠጉር ይበልጣል።

የአሻንጉሊት ጸጉርም ለአጫጭር ዝንቦች መልካም ነው፤ የጥልፍና የጥለት የሚያብለጨልጭ ክር ወይም ከገና ዛፍ ማስጌጫ የተወሰደ ጭረት ደግሞ በገላው ጎን ሁለት ሦስት ሆኖ ሲገባ የዓሣ ቅርፊት ብርሃን ይሰጣል። ከአራት በላይ ማስገባት ግን ዝንቡን ጌጥ ያደርገዋል።

ሰው ሠራሽ ክር አይበሰብስም። ሲከረከም የሚረግፈው ሁሉ በወረቀት ላይ ተሰብስቦ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይግባ፤ በሐይቁ ዳር ተቀምጦ መከርከም ፈጽሞ አይገባም። እንቦጭ ለተጫነው ጣና ሌላ ሸክም መጨመር የለብንም።

አስተሳሰሩ

እስካሁን የተመረጠው ሁሉ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚገባ ለማሳየት አንድ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዝንብ እንሥራ። ቁጥር 2 ወይም 4 መንጠቆ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አይዘንጉ። መንጠቆውን በትንሽ ሞርሳ፣ ከሌለም እጀታው በላስቲክ በታሰረ ፒንሳ ያጥብቁት። ወደ ኋላ የተመለሰችውን የመንጠቆውን ትንሽ ጥፍር በፒንሳ ይጫኗት፤ የሚለቀቀውን ዓሣ ሳይቀደድ ለማላቀቅ ይረዳል። የፖሊስተር ስፌት ክር ይውሰዱና በሰም ይሳቡት። ጎጃም የማር አገር ነውና ሰም አይቸግርም፤ የጧፍ ቁራጭም ይበቃል። ሰም የነካው ክር ጠጉሩን ይይዛል፣ አይንሸራተትም።

ክሩን ከመንጠቆው ዓይን ጥቂት ዝቅ ብለው ጀምረው እስከ ቅስቱ መጀመሪያ ጠምጥመው ይመለሱ። ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከፊት በኩል 8 ወይም 10 ጊዜ መጠምጠም ራሱ ቀድሞ እንዲሰምጥ ያደርጋል። ከዚያም ከሥሩ የተበጠረ ነጭ የፍየል ጠጉር፣ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል፣ በሊፒስቲክ ባዶ ዕቃ ውስጥ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይግባና ጠረጴዛ ላይ ደጋግመው ይምቱት፤ ጫፎቹ ይስተካከላሉ። ርዝመቱ የመንጠቆውን ዘንግ ሁለት እጥፍ ይሁን። ጠጉሩን ከዘንጉ በላይ ይዘው መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አላልተው፣ ቀጥሎ አጥብቀው ይጠምጥሙ፤ ከመጀመሪያው ካጠበቁ ጠጉሩ ዞሮ ወደ ጎን ይሄዳል። የተረፈውን ሥር በሰያፍ ይቁረጡትና በክር ያልብሱት።

በሁለቱ ጎን አንድ አንድ የሚያብለጨልጭ ጭረት ይጨምሩ። ከላይ የፍየሉን ግማሽ የሚያህል ግራጫ ወይም ወይራማ ዊግ፣ ከፍየሉ ጠጉር በጣት ውፍረት አስረዝመው ይሰሩ፤ በዚያ ላይ ጥቂት ጥቁር የፍየል ጠጉር የጀርባ መስመር ይሆናል። ራሱን በክር አሳምረው ቋጥረው ቀለም አልባ ኩቴክስ ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይቀባ። ብርሃን በመስኮት በኩል ሲያዩት በጠጉሩ መካከል የሚያልፍ መሆን አለበት። የማያልፍ ከሆነ ጠጉሩ በዝቷል፤ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ይህ ነው፣ ከማሳነስ ይልቅ ማብዛት።

ወቅትና አያያዝ

በበጋ ውኃው ሲጠራ ነጭ፣ ግራጫና ወይራማ ይበቃሉ። በክረምት ወንዞቹ ደለል ሲያስገቡ ዓሣው የሚያየው ቀለም ሳይሆን ጥላ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቁር ፍየል ይመረጣል፣ ጠጉሩም ትንሽ ይወፍር። ይሁን እንጂ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ ሊራባ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ አፍ የሚሰበሰብበት ወቅት ነው፤ ቁጥሩ በጣም የቀነሰ ዓሣ ስለሆነ በወንዝ አፍ አካባቢ በእነዚህ ወራት ዝንብ አለመወርወርን እመርጣለሁ። ለማጥመድ የሚያስፈልገውን ፈቃድ በተመለከተም የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከውኃ የተመለሰ ዝንብ ሁሉ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ጠጉሩ ወደ ኋላ ተበጥሮ፣ በክፍት ሳሕን ላይ ይደር። የደረቀው የእንስሳት ጠጉር ብል ስለሚበላው በክዳን ዕቃ ውስጥ ከናፍታሊን ጋር ይቀመጥ፤ ፎምና ዊግ ግን በሌላ ዕቃ ይሁኑ፣ ናፍታሊን አንዳንዱን ፕላስቲክ ያለሰልሳልና። በየዕቃው ላይ ጠጉሩ ከየትኛው ክፍል እንደተወሰደና በምን እንደቀለመ ይጻፉበት፤ ዓሣ የያዘውን ዝንብ ደግሞ ለመሥራት ሲፈልጉ የሚጠቅመው ያ ጽሑፍ ነው።